ኦቦ ደሬሳ ከታች ስማቸውን ይጽፉ ነበር

መርዶው የደረሰኝ አዲስ ዓለም፣ ትልቋ ልጄ ቤት ምስር ስለቅም ነው። ስልኬ ጮኸ። አምቦ ያለችው የልጅ ልጄ ሌንሳ ናት።

«አኮ፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ። ልጅም ጎረቤትም አኮ ነው የሚለኝ፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

ተቀምጠሻል ተብዬ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም። «ተናገሪው» አልኳት።

«ኦቦ ደሬሳ አረፉ። ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው።»

ምስሩ ከነሰፌዱ ጭኔ ላይ ቀረ። «ሰው ምን ይላል?» አልኩ። «ብቻ ለቀብሩ ድረሺ» አለች።

«አንቺ! ሰው ምን ይላል?»

«ተይው አኮ፣ ምን ያደርግልሻል። አንዱ ስልክ ላይ ‹አንድ ጠቋሚ ቀነሰ› ብሎ ጽፏል። የሳቀው ብዛቱ…»

ስልኩን ዘጋሁት። ነጠላዬን ለበስኩና መኪና ልጠብቅ መንገድ ዳር ወጣሁ።

ኦቦ ደሬሳ፣ ኦቦ እንደ አቶ ማለት ነው፣ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። አምቦ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ አንድ ጠረጴዛ ነበራቸው። መጻፍ ለማይችል፣ ወይ ችሎም የመንግሥት ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ለእዚሁ ለዞኑ ከሆነ በኦሮምኛ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ በአማርኛ። ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ሁለት ብዕር፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ጥቁር፣ ሁልጊዜ አለ። ወረቀቱ መሀል ካርቦን ያስገቡና ሲጽፉ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ይጫኑታል፤ ቅጂው እንዳይደበዝዝ።

አጻጻፋቸው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ጽፈው ሲጨርሱ፣ «በሉ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና ይስሙ። የእርስዎ ካልመሰለዎት ያስቁሙኝ» ይላሉ። ያነቡልዎታል፤ በኦሮምኛ የጻፉትን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የጻፉትን ወደ ኦሮምኛ መልሰው። ባለጉዳዩ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንዳንዱ መሀል ላይ ዓይኑን ይከፍትና፣ «ኦቦ፣ ይቺ እንኳ ውሸት ናት፣ ያውጧት» ይላል። እሳቸውም ሳይቆጡ ቀድደው እንደገና ይጽፋሉ። ከዚያ ባለጉዳዩ ጣቱን ቀለም ነክቶ ያትማል። ከሥሩ ደግሞ እሳቸው፣ «ጸሐፊው» ብለው፣ ስማቸውን ከነአያት ጽፈው ይፈርማሉ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ይሄን አያደርጉም። ማን ጣጣ ይፈልጋል?

እኔ ያወቅኋቸው ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው። ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ማለቴ ነው፣ ጉደር በኩል ያለችን መሬት ላይ ድንበር ገፋ። እየነደድኩ ሄድኩና ነገሬን ዘረገፍኩላቸው። መጨረሻ ላይ፣ «ይሄንንም ይጻፉልኝ፤ ባሌን የገደለው እሱ ነው። መድኃኒት አስደርጎበት ነው» አልኩ።

ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ። «አይተዋል፣ አዴ ወርቄ?» አሉኝ፤ አዴ እንደ ወይዘሮ ነው።

«እኔስ አላየሁም። ተባለ እንጂ።»

«ተባለ ማን ነው? የአባቱ ስም ማን ይባላል? ለምስክርነት ቢፈለግ መጥሪያው የትኛው ቀበሌ ይድረሰው?»

«አንቱ ደግሞ! አገር ያወቀውን?»

«አገር ጣት የለውም፤ አያትምልኝም» አሉና ስለ ድንበሩ ብቻ ጻፉ። ተቆጥቼ ነው የሄድኩት። ድንበሩ ተመለሰልኝ። ዋርሳዬ ኋላ የአልጋ ቁራኛ ሲሆን ያገላበጥኩትም ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ነፍሰ ገዳይ ብዬ አስጽፌ ቢሆን ኖሮ በየትኛው በር እገባ ነበር?

ደግሞ ፈሪ እንዳይመስሏችሁ። በዚያ አገሩ ሁሉ በመሬት ነገር በታመሰበት ዘመን፣ የከተማ ዳር ገበሬዎች መሬታችን ሳንጠየቅ ተለካ ብለው መጡ። ሌላው ጸሐፊ ሁሉ እጄን አመመኝ አለ። ኦቦ ደሬሳ ጻፉላቸው። ከሥሩም እንደ ልማዳቸው ፈረሙ። በሦስተኛው ቀን ወሰዷቸው። «ይሄን የጻፈው ማን ነው?» ሲሏቸው፣ «ከታች አለ እኮ። እኔን ለማግኘት ምርመራ አያስፈልጋችሁም» አሉ ይባላል። ሦስት ሳምንት ቆይተው ወጡ። ጺማቸውን እንኳ ሳይላጩ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ።

ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «ምናለ ስምዎ ቢቀር? ጽሑፉ እንደሆነ ያው ጽሑፍ ነው» አልኳቸው።

«አይደለም፣ አዴ ወርቄ። ሰው የፈለገውን ይናገር፤ ንጉሥም ቢሆን ይናገረው። ብቻ ተናግሮ አይሽሽ። እዚያው ይቀመጥ።»

ይቺን ቃል ብዙ ሰው ሰምቷታል። ያን ጊዜ ደስ ታሰኝ ነበር።

ከዚያ ወጣቶቹ የሚታፈሱበት ወራት መጣ። የኔንም የመጨረሻ ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳውን ታደሰን፣ ከነባጃጁ ወሰዱት። እናቶች ስንቅ እየቋጠርን ጣቢያው በር ላይ እንውላለን። «እዚህ የለም» ይሉናል። «የት ነው?» ስንል «እኛ ምን እናውቃለን» ይሉናል። አንድ ቀን ኦቦ ደሬሳ ጠረጴዛቸውን ትተው፣ ወረቀታቸውን በክንዳቸው ይዘው መጡ።

«ኑ እስቲ፣ አንድ አንድ እያላችሁ የልጆቻችሁን ስም ንገሩኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጻፉ። ከላይ ቀኑን፣ የሚመለከተውን ክፍል፣ እኛ እናቶች ልጆቻችን ከተያዙ ሁለት ሳምንት አለፋቸው፣ ያሉበት ይነገረን፣ ስንቅ እናቀብል የሚል። ከዚያ የልጆቹን ስም በተርታ። ዓይናችንን አስጨፍነው አነበቡልን። አንዷ የልጇ ስም ሲጠራ መሬት ላይ ወደቀች። ፊቱ በስም ስለሞላ በጀርባው አተምን፤ በፊት ለፊቱ፣ ከስሞቹ ሥር፣ እሳቸው ፈረሙ። ዘበኛው እኛን አላስገባም ሲል ራሳቸው ይዘው ገቡ። ሲወጡ የካርቦኑን ቅጂ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከእናቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምበልጥ እኔ ስለሆንኩ።

እግዜር ይስጣቸውና ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሌላ ቦታ መኖራቸው ተነገረን። ታደሰ በአራተኛው ወር ተፈታ።

እኔ ወረቀቷን መቀነቴ ውስጥ አጥፌ አኖርኳት። አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ልጆቼ ከአዲስ ዓለም እስከ እጃጂ በመንገዱ ዳር ለዳር ተበትነዋል፤ እኔም አንዷ ዘንድ ሳምንት፣ አንዱ ዘንድ ወር እያልኩ እዞራለሁ። ወረቀቷም አብራኝ ዞረች። ላብ ጠጣች፣ ቅቤ ነካት፣ በኋላ መታጠፊያዋ ላይ ለሁለት ተለያየች። ላይኛውን ግማሽ ጣልኩት።

አዎ፣ ጣልኩት። ፊደል አላውቅም። የማውቀው ሌንሳ በጣቷ ያሳየችኝን የታደሰን ስም ብቻ ነው፤ እሱ ታችኛው ላይ ነበር። ፊርማውም ታችኛው ላይ ነበር። ስምና ፊርማ ካለ ምን ቀረ? ወሬውን ጥዬ ቁም ነገሩን ያስቀረሁ መሰለኝ።

ታደሰ ከተፈታ ዓመት አልፎት ነው። እጃጂ፣ መካከለኛው ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ የሚስቱ ወንድም ቶሌራ መጣ። ቢሮ የሚሠራ፣ ሲገባ ጉልበቴን ስሞ የሚቀመጥ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ግን ከስልኩ አይነሣም። ስለዚያ ዘመን ጨዋታ ተነሣና ወረቀቴን አወጣሁ።

«አኮ፣ ይሄን ማን ጻፈው?» አለ።

«ኦቦ ደሬሳ ናቸዋ! ጣቢያ ይዘው የገቡትም እሳቸው ናቸው» አልኩ፣ በኩራት።

«እነዚህ ሁሉ የታሰሩ ልጆች ናቸው?»

«አንድም ሳይቀር። የኔንም ይኸውልህ።»

«ላንሣት?» አለና ስልኩን ደቀነ። እኔም ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ እጥፋቷን በመዳፌ ደልድዬ ሰጠሁት። ያች ሥራቸው ለሰው ልትታይላቸው ነው ብዬ።

በሳምንቱ ሌንሳ እያለቀሰች መጣች። ፊት የሌለው፣ ስሙ «እውነት ፈላጊ» የሚባል አንድ ገጽ የወረቀቷን ፎቶ አውጥቷል። ከላዩ፣ ልጆቻችንን ያሳሰረው ሰው ዝርዝር በገዛ ፊርማው ተገኘ፤ ለጣቢያ ያስረከበውም ራሱ ነው፤ ዛሬም ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የድሃ ጠበቃ ይመስላል፣ ይላል። ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። የቅቤውን ጠብታ በዓይኔ አወቅሁት።

ለሌንሳ አልነገርኳትም።

ኦቦ ደሬሳ እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም። ሌንሳን አስጠሩና የተጻፈውን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ አንብቢልኝ አሏት። እኔም አብሬ ሄድኩ። የልጅ ደብተር ገልጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጥግ ቆመዋል።

«የመጀመሪያው ማን ነው?»

«‹ነበልባል› ይላል፣ ኦቦ።»

«ነበልባል። የአባቱስ?»

«የለውም።»

ጻፉ። «ቀጥይ።»

«‹የጨለማው አንበሳ› ይላል። ‹ይሄን ውሻ ከነጠረጴዛው› ነው የሚለው… ኦቦ፣ ይተዉት ይቅር።»

«ውሻውን ጽፌዋለሁ። አንበሳው የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም።»

«እናቱም አታውቀው ይሆናል» አሉ አዴ ጫልቱ። እኔ ሳቅሁ፤ ኦቦ ግን አልሳቁም። ገጹ ሞላ። ጥቂቶቹ ግን በገዛ ስማቸው ነበር የጻፉት፤ ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ኦቦ ደሬሳ ማመልከቻ የጻፉላቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ላይ ሲደርሱ ስማቸውን ጻፉና ብዕራቸውን አስቀምጠው ውጭ ወጥተው ቆዩ።

ከዚያ መልስ ጻፉ፤ ሌንሳ አወጣችላቸው። እኔ ደሬሳ እባላለሁ፣ አባቴ እገሌ፣ የምቀመጠው እዚህ ነው፣ ወረቀቱ የእናቶች አቤቱታ ነው፤ ልጆቹ የታሰሩት ከወረቀቱ በፊት ነው፤ የከሰስከኝ ሰው አንተስ ማን ነህ? የሚል ነው። ወዲያው አንዱ፣ «ፊርማህን አይተናል፣ ደግመህ አታድክመን» ብሎ መለሰ። ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ።

ታደሰም ጻፈ። ከዝርዝሩ ውስጥ እኔ አለሁበት፣ ሰውየው ለእናቴ ነው የጻፉላት አለ። «አንተም አብረህ ነህ ማለት ነው» አሉት። ሌሎቹ እናቶች ደግሞ እንደኔ ናቸው፤ ቢመሰክሩስ ማን ይሰማል፣ ስልክ ላይ የሉም። ጣቢያ ሄደን የገባውን ዋናውን ወረቀት ስጡን ብንል፣ «ያን ጊዜ የነበረ ሰው ሁሉ ተቀይሯል» አሉን። ቀኑና አቤቱታው ያለበት ላይኛው ግማሽ በዓለም ላይ አንድ ነበር። እሱን ደግሞ የት እንደጣልኩት እንኳ አላስታውስም።

ባለጉዳይ መቅረት ጀመረ። ሰው እያያቸው አልፎ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ቤት ይገባል። አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሽንት ተደፍቶበት አገኙት። በሁሉቃ ወንዝ ውኃ አጥበው፣ እስኪደርቅ ቆመው ጠብቀው፣ ተቀመጡ። «እዚያው ይቀመጥ» ያሉት ለራሳቸው ሆነ። ወሩን ሙሉ ካርቦናቸውን ደልድለው ማንም ሳይመጣ ይውላሉ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ሰው በሌለበት ሰዓት ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ኦቦ፣ ወረቀቷ…» አልኩ።

«ያንዱ ቅጂ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ያየኋት ዕለት አውቄያለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ስምዎን ብጠራ የሚወረወርብኝ ድንጋይ ወደ እርስዎ ነው የሚዞር። እርስዎ ደግሞ አውቀው አላደረጉትም።»

አለቀስኩ። ላይኛውን ግማሽ መጣሌን ነገርኳቸው። እጃጂ ፎቶ መነሣቷን ነገርኳቸው፤ የቶሌራን ስም ግን ዋጥኩት። አልጠየቁኝም።

«ልናገር? ገበያ መሀል ቆሜ ልናገር?» አልኳቸው።

«መናገሩ የእርስዎ ነው። እኔ ለሰው የምጽፈው ሲጠይቀኝ ነው፤ ተናገሩልኝ ብዬ አልለምንም።»

እናገራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ያኔ ልጄ ቤት እጃጂ ሠርግ ነበር፤ የምራቴ እህት ልትዳር ነው፣ ቶሌራም የቤቱ አዛዥ ነው። ሠርጉ ይለፍ አልኩ። ሠርጉ አለፈ። መልሱ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ጉደር ሄድኩ፣ ከጉደር ጊንጪ፣ ከጊንጪ አዲስ ዓለም። የምዞረው ልጆቼን ብዬ ነበር፤ የዚያን ክረምት ግን ከአምቦ እየሸሸሁ ነበር። እንዲህ እንዲህ ስል ሌንሳ ደወለች።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፤ እድሩ ግዴታ ነውና። ወንበሩ ግን ግማሹ ባዶ ነው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደርሶ ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሱ፣ «የሕይወት ታሪክ የሚያነብ?» አሉ።



የዚህ ከተማ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪክ ይጽፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ባለጸጋውንም ጠጅ ሻጯንም፣ «ተወለደ፣ አደገ፣ ለወገኑ ይህን አደረገ» ብለው የሸኙ እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው አንድ ገጽ የጻፈ ሰው ታጣ። አዴ ጫልቱ ወደ ሰዉ ዞረው ፊት ለፊት አዩ፤ ሰዉ መሬት መሬት አየ። ቄሱ እጃቸውን ወደ መስቀሉ መልሰው ሲያነሡ፣ «አባቴ፣ ይቆዩኝ» አልኩ። ሌንሳን ተደግፌ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ያችን ወረቀት ግን አውቃታለሁ፤ የኔ ናት። ኦቦ ደሬሳ የጻፏት ለእኛ ለእናቶች ነው፤ ልጆቻችን ከታሰሩ በኋላ ነው። አቤቱታው ያለበትን ግማሽ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሳይሞቱ እናገራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ፣ ሠርግ አለብኝ ብዬ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ፎቶዋን ያነሣት ሰው ከመካከላችሁ ቆሟል። እኔ ጨርሻለሁ፤ የቀረውን እሱ ይናገር።»

ቶሌራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ የልጄ አማች ነውና እሱን አጅቦ መምጣቱ አይቀርም። ጠበቅሁት። ቄሱም ጠበቁ። ስልኩን ከአንዱ ኪስ ወደ አንዱ ኪስ አዛወረ። ከዚያ አፈሩ ገባ።

መውጫው ላይ ደረሰብኝ። «አኮ፣ ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምታዋርጂኝ? እኔ እኮ ለአንድ ጓደኛዬ ነው የላክሁት። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

«ጓደኛህስ?»

«እሱም ለሌላ ሰው ነው የላከው።»

«ሌላውስ?»

«እኔ እንዴት አውቃለሁ!» አለና ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እጃጂ ልጄ ቤት አልደረስኩም፤ ምራቴ በሯን ዘግታብኛለች።

ድንኳኑ ውስጥ ግን አንዲት ሴት ቀስ ብላ ከጎኔ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «ጥሩ ተናገሩ፣ አዴ። እኔም ሼር አድርጌው ነበር፤ አሁን አጠፋሁት» አለችኝ። ፊቷ በራ፤ የጾም ቀን ሥጋ ቀምሳ ንስሐ የገባች ትመስላለች። ማዶ የተቀመጡትን ወንዶች አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ የኀዘን መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ ሌንሳን አስጠሯት። አንድ የሕግ ሰው፣ የተጻፈውን ከነሰዎቹ አውጥታችሁ አምጡልኝ፤ በገዛ ስማቸው የጻፉት እንኳ ይጠየቃሉ ብሏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እህል የቀመሱት ያን ቀን ነው። ሌንሳ ስልኳን ከፈተች። ወደ ላይ ገፋች፣ ወደ ታች ገፋች።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«የለም።»

«ምኑ?»

«ገጹ ራሱ የለም፣ አዴ። የእነዚያም በስማቸው የጻፉት የለም። የሳቁትም የሉም። ሁሉም ጠፍቷል።»

«ደብተሩስ? እሳቸው የጻፉት?»

«ደብተር ላይ እሳቸው የጻፉት እኮ የእሳቸው እጅ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም» አለች ሌንሳ፣ እያለቀሰች።

አዴ ጫልቱ ከፍራሹ ተነሥተው ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። ቤቱ ያን ቀን ሞልቶ ነበር፤ ከቀብሩ ይልቅ ሰው የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው።

«እንግዲህ ባሌን ምን ገደለው ልበል?» አሉ።

በር አጠገብ የተቀመጠ፣ ኦቦ ደሬሳ በደብተራቸው ላይ ስሙን የጻፉት አንድ ሰው፣ ጋቢውን እያስተካከለ፣ በኀዘን ድምፅ፣

«ደም ብዛት ነዋ፣ አዴ። ይሄ በሽታ ስንቱን ጨረሰው» አለ።

ቤቱ በሙሉ፣ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።